አንድ በሬ ያለው ገበሬ ለምን ድሃ ሆኖ ይቀራል?

ስለ ድህነት ሲወራ ሁለት መልስ አናጣም። አንዱ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» የሚለው ነው። ሌላው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው። ሁለቱም ወሬውን ቶሎ ስለሚዘጉት ይመቻሉ። ሰነፍ ከሆነ የራሱ ጥፋት ነው፣ ዕድሉ ከሆነ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ እኛ በሁለቱም የለንበትም። እኔ ግን ዛሬ ወሬውን ከበሬ ልጀምር።

በደጋና በወይናደጋው የአገራችን ክፍል ማረስ ማለት ሁለት በሬ ማለት ነው። ቀንበሩ የተሠራው ለሁለት አንገት ነው። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ገበሬ የሌላውን ግማሽ ያርሳል ማለት አይደለም። ብቻውን ከሆነ ጭራሽ አያርስም። መውጫው መቀናጆ ነው። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልግና ሁለቱን በሬ አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ፤ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ። ጥሩ መተጋገዝ ነው። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም።

አንድ ሰው እናስብ፣ አያ ታደሰ እንበላቸው። እኔ የፈጠርኳቸው ሰው ናቸው፣ ገጠር ያደገ ሰው ግን የሚያውቃቸው ይመስለኛል። አንድ በሬ፣ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት፣ አምስት ልጆች። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደጋግሞ መታረስ ይወዳል። እሳቸው ተራ ሲጠብቁ ከሚገባው ባነሰ እርሻ ይዘራሉ፣ እሱንም ዘግይተው። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ የዘገየው ዘር ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። አውድማ ላይ ክምራቸው ከጎረቤት ክምር ያንሳል። ሰነፍ ናቸው እንዳትሉኝ፣ ከጎረቤቱ በላይ የሮጡት እሳቸው ናቸው።

ታኅሣሥና ጥር ላይ እህሉ ቤት ይገባል። እዳውም አብሮ ይመጣል። የማዳበሪያ አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ ክረምት ላይ የተበደሩት እህል አለ፣ የልጆች ልብስ አለ። አገሩ ሁሉ በዚሁ ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ወርዷል። እሳቸውም ይሸጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ሲሆን ያንኑ እህል ገበያ ወጥተው ይገዛሉ፣ ያኔ ዋጋው ሌላ ነው። በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት! መርካቶ ያለ ነጋዴ እንዲህ ቢሠራ ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ይዘጋል። አያ ታደሰ ይህን በየዓመቱ ያደርጉታል። ሒሳቡ ጠፍቷቸው አይደለም፣ ከማንም በላይ ያውቁታል። እስከ ሐምሌ የሚያቆያቸው ጥሬ ገንዘብ የላቸውም፣ በቃ።

ከዚያ አንድ ነገር ይመጣል። ልጅ ይታመማል እንበል። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ወደ ከተማ ሆስፒታል ይላካል፣ ትራንስፖርት አለ፣ መድኃኒት አለ፣ አስታማሚው የሚያድርበት አለ። ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? ቤት ውስጥ ቶሎ ወደ ብር የሚለወጥ ነገር አንድ ብቻ ነው። በሬው ይሸጣል። ልጁ ይድናል፣ ተመስገን። በሚቀጥለው ክረምት ግን አያ ታደሰ መቀናጆ የሚገቡበት እንኳ የላቸውም። መሬታቸውን ጥንድ በሬ ላለው ሰው ለእኩል ይሰጣሉ፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። መሬቱ የሳቸው ነው፣ እህሉ ግን ግማሹ ሌላ ቤት ይገባል። በሬ መልሶ ለመግዛት የሚተርፍ ነገር አሁን ከበፊቱም አነሰ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የኢኮኖሚ ሰዎች ይህን የድህነት ወጥመድ ይሉታል። ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው። አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለ ሰው ሲለፋ ወደ ላይ ይሄዳል። ከመስመሩ በታች ያለ ሰው ሲለፋ ባለበት ይረግጣል፣ አንድ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁለቱም እኩል ሊለፉ ይችላሉ። ለአያ ታደሰ መስመሩ ሁለተኛው በሬ ነው።

ባንግላዴሽ ውስጥ ይህን በደንብ ያዩት ሰዎች አሉ። ብራክ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለድሃ ድሃ ሴቶች ላም ሰጠ። ተመራማሪዎች እነዚያን ቤተሰቦች ለ11 ዓመት ተከታተሏቸው። ሁሉም ያገኙት ስጦታ ተመሳሳይ ነው፣ ውጤቱ ግን ተለያየ። ቀድሞ ትንሽ ነገር የነበራቸው ላሟ ስትጨመር መስመሩን አለፉና እየተሻላቸው ሄደ። ምንም ያልነበራቸው ላሟን ይዘው ቆዩና ቀስ በቀስ ወደነበሩበት ተመለሱ። ላም ብቻዋን አትበቃም፤ የምታድርበት ያስፈልጋል፣ ወተቱን ወይ ሳሩን የሚያመላልስ ጋሪ ያስፈልጋል። የኛው በሬና ቀንበር ታሪክ አይደል?

ከተማም ብትመጡ ነገሩ ያው ነው፣ መልኩ ነው የሚለየው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሱቁ ውስጥ ጥጉ የተበላ የዱቤ ደብተር ነበረ። ዘይት በብርጭቆ፣ ስኳር በኩባያ፣ ከሰል በፌስታል። ገንዘብ ያለው ሰው ዘይቱን በጄሪካን አንዴ ይገዛል። የሌለው በየቀኑ በብርጭቆ ይገዛል፣ ወሩ ሲያልቅ ቢደመር ለአንድ ሊትር የበለጠ የከፈለው እሱ ነው። ዱቤ ያለበት ደግሞ ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ አይጠይቅም፣ አንገቱን የደፋበት ሱቅ ላይ ታስሯል። ቧንቧ የሌለው ቤት ውሃ በጄሪካን ሲገዛ፣ ቧንቧ ካለው ጎረቤቱ ይበልጥ ይከፍላል። ድሃ መሆን ውድ ነው ሲባል ቀልድ ይመስላል፣ ቁጭ ብሎ ለደመረው ግን አይደለም።

እስካሁን ስለ አንድ ቤት ነው ያወራሁት። ቤቱ ያለበት አገር ደግሞ አለ።

መንግሥት ደግሞ ድሃ የሚለውን ሰው የሚለይበት ሌላ መስመር አለው። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው ስሌት መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፣ በቀን ወደ 20 ብር ማለት ነው። በዚያ መለኪያ ከአንድ መቶ ሰው 23.5ቱ ድሃ ነበር። ይህ ቁጥር በ1988 ዓ.ም. 45.5 ነበር፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6። በሃያ ዓመት በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። የአርባ ቀን ዕድል ቢሆን ኖሮ አይወርድም ነበር። ለመውረዱ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ ትልቁ ግን ግብርናው ማደጉ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በስፋት ገባ፣ መንገድ ተሠራ፣ የእህል ዋጋ ጥሩ ነበር። ገጠር ውስጥ መንገድ ማለት አያ ታደሰ እህላቸውን ደጃፋቸው ድረስ ለመጣ አንድ ነጋዴ ብቻ ከመሸጥ ሲተርፉ ማለት ነው። ቁጥሩ የማያሳየው ነገርም አለ፤ 20 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ያላት ሴትዮ በዚያ ስሌት ድሃ አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተደራረበ። በ2008 ዓ.ም. ራሱ ከባድ ድርቅ ነበር፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ ፈልጓል። ኮቪድ መጣ። ጦርነቱ መጣ፣ ጦርነት ደግሞ በሬውንም፣ ጎተራውንም፣ ገበያውንም አንዴ ነው የሚወስደው። ስለ ድህነት መፍትሔ ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ጥይት በሚጮህበት ቀበሌ ግን አንዱም አይሠራም። ይህን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የኑሮ ውድነቱም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። የዋጋ ንረት ሁሉንም እኩል አይመታም። ቤት ያለው የቤቱ ዋጋ አብሮ ይወጣለታል፣ ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፣ ደመወዝተኛው ግን ዝም ብሎ ያያል። አንድ ምሳሌ ብቻ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከደመወዝ ግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ዳቦ ስንት እጥፍ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ማንም ሕግ ሳይቀይር ድሃው ላይ ግብር ሲጨመር ኖረ ማለት ነው። «ገበሬው እኮ እህል ሲወደድ ይጠቀማል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚሸጥ ያለው ይጠቀማል። አያ ታደሰ ግን ሐምሌ ላይ ገዢ ናቸው።

መሬትም እንዳይረሳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ሲታወጅ ጭሰኛው ከባላባቱ ነፃ ወጣ፣ ትልቅ ነገር ነበር። ያኔ ሕዝባችን ከ35 ሚሊዮን በታች ነበር፣ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። መሬቱ ግን ያው ነው። አባት ለሶስት ልጅ ያካፍላል፣ ልጅ ደግሞ ለልጆቹ፣ በመጨረሻ ሁለት በሬ መዞሪያ የሚያጣበት ቁራጭ ይቀራል። መሬት መሸጥ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ይፈቀድ የሚሉ አሉ፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል። እኔ ግን የልጁ ሕመም ትዝ ይለኛል። መሸጥ ቢፈቀድ ያን ቀን ከበሬው ቀጥሎ የሚሸጠው መሬቱ ነበር። የሚሻለው ከመሬት ውጭ ሥራ መኖሩ ነው፣ እሱ ደግሞ በአዋጅ አይመጣም።

ሥራ ስንል ፋብሪካ ይታሰበናል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ጥናት አለ፣ የተሠራውም እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች አምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለሶስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ አገኘ፣ አንዱ 300 ዶላር ገደማና ትንሽ የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ ከገቡት በዓመት ውስጥ ከሶስት አራተኛው በላይ ለቀቀ። ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልተሻለም፣ ጤናቸው ላይ ደግሞ ጉዳት ታየ። ብር የተሰጣቸው ግን በዓመቱ ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። በቃ ብር እንስጥ እንዳትሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ሶስቱም ቡድን ተመሳስሎ ተገኘ። 300 ዶላሩ ለጊዜው ገፋ አደረጋቸው እንጂ መስመሩን አላሻገራቸውም።

ታዲያ ምን ይሠራል? እኔ ነገሩን በሁለት ነው የማየው። ሰው ሲወድቅ ቶሎ መያዝ አለ። ከዚያ ደግሞ ሲገፋ እስኪሻገር መግፋት አለ።

መያዙን ሴፍቲኔት ሞክሮታል። ከ1997 ዓ.ም. በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ መንግሥት እርዳታ ይለምናል፣ እህሉ በመርከብ ይመጣል፣ አያ ታደሰ ጋ ሲደርስ በሬው ተሽጧል። ነፍስ ይተርፋል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ሐሳብ ይህን መገልበጥ ነበር። የክፉ ቀን ወራቱ በየዓመቱ እንደሚመጣ ይታወቃል፣ ታዲያ ለምን ቀድመን አንዘጋጅም? በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ብር ወይም እህል ያገኛል። ጉልበት የሌለው አረጋዊ ሳይሠራ ይረዳል። ከ5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ተነስቶ 8 ሚሊዮን አካባቢ ደርሷል። ሐሳቡ ላይ አንድም የምለው የለኝም። ችግሩ ክፍያው ሲዘገይ ነው። ሰኔ ላይ መድረስ ያለበት ብር መስከረም ላይ ከደረሰ፣ ብሩ ሙሉ ቢሆንም በሬው ሄዷል።

ሕመሙን የሚይዘው የጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ሲታመም በነፃ ይታከማል። ሐሳቡ ለኛ አዲስ አይደለም፣ እድር ያው መድን ነው። የኛ እድር ግን በአብዛኛው ስንሞት እንጂ ስንታመም አያውቀንም፤ በሬው ደግሞ የሚሸጠው ከቀብሩ በፊት ነው። መድኑ ላይ ያለው ቅሬታ የታወቀ ነው፣ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲጠፋ ከውጭ ግዛ ትባላለህ። ያኔ የመድን ደብተሩ ኪስ ውስጥ እያለ ወደ ገበያ የሚነዳው ያው በሬ ነው። ቦረና ላይ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት መድን አለ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሳሩን ያያል፣ ሳሩ ከተለመደው በታች ሲደርቅ አርብቶ አደሩ ይከፈለዋል። አንድ በአንድ የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። ይህን የፈጠረውን ሰው ጭንቅላት ወድጄዋለሁ።

በርካሽ ሸጦ በውድ ለመግዛትም መላ አለ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ለገበሬዎች ብድሩን ልክ አዝመራው ሲገባ ሰጧቸው። አብዛኛው ብድር የሚታሰበው ለዘር ጊዜ ነው፣ ይህ ግን እህል ጎተራ ሞልቶ ሳለ ነው። ለምን? የልጅ ወጪውን በብድሩ ሸፍነው እህሉን እንዲያቆዩት። አቆዩት፣ ዋጋው ሲወጣ ሸጡ፣ አተረፉ። ብድሩ ወራት ብቻ ነው ያዛወረው። ለአያ ታደሰ አንዳንዴ ከብሩ መጠን ይልቅ የሚመጣበት ወር ይበልጣል።

መግፋቱ ደግሞ ውድ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። የብራክ ዓይነቱ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። የኛው በትግራይ ነበር። እንስሳ ይሰጣል፣ እስኪረባ ድረስ የሚበላ ነገር ይሰጣል፣ ሥልጠና አለ፣ ቁጠባ አለ፣ ቤት ድረስ እየመጣ የሚጠይቅ ሰው አለ። ድጋፉ ካቆመ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ ከበፊቱ የተሻለ ይበሉ ነበር፣ የተሻለ ንብረትም ነበራቸው። ከተመራማሪዎቹ መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኢኮኖሚ ኖቤል ያገኙት። «ለድሃ ብር ከሰጠኸው ይጠጣበታል» የሚለውም ተፈትሿል። ከተለያዩ አኅጉሮች የተሰበሰቡ 19 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ብር የተሰጣቸው ሰዎች ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት አልጨመረም። እቁብ የደረሰው ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚገዛ ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም።

እኛ ግን እዚህ ላይ እንቸኩላለን። ሴፍቲኔት ውስጥ «ምረቃ» የሚባል ነገር አለ። ቤተሰቡ ንብረት ሲያፈራ ራሱን ችሏል ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። መውጣቱ ተገቢ ነው፣ ለሌላ ሰው ቦታ ይለቃል። ግን ወረዳው ይህን ያህል ሰው አስመርቅ የሚል ኮታ ከተሰጠው፣ መዝገቡን የያዘው ልጅ ግቢ ገብቶ አንድ በሬና ሁለት በግ ካየ አያ ታደሰ ተመራቂ ናቸው። ሁለተኛው በሬ ገና አልተገዛም። መጪው ሐምሌ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ቆጠራ ሲደርስ በጎቹን እህታቸው ቤት የሚያሳድሩ ሰው ቢኖሩ እኔ አልፈርድባቸውም።